በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ፈተና የምንባብ ጥያቄዎች አመላለስ

መግቢያ

በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ትምህርቱን የሚማረው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲወስን፣ ለሁለተኛ ደረጃና ለከፍተኛ ትምህርት ግን እንግሊዝኛን መማሪያ አድርጎታል። ስለዚህ እንግሊዝኛ ለተማሪው ከትምህርቶች መካከል አንዱ ብቻ አይደለም። የፊዚክሱም ሆነ የታሪኩ ጥያቄ ከመመለሱ በፊት መነበብ አለበት፤ የሚነበበውም በእንግሊዝኛ ነው።

ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ማትሪክ» እያለ የሚጠራው የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠ ጊዜ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ተፈታኞች ከመቶ 3.3 ብቻ እንደ ነበሩ ይታወሳል። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ስለ ሆነ በአንድ አጭር ጽሑፍ ሊመረመር አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጠባብ ነው፤ ይኸውም በእንግሊዝኛው ፈተና ውስጥ ምንባብን ተከትለው የሚመጡት ጥያቄዎች ምን እንደሚፈልጉ፣ ተማሪዎች የት ላይ እንደሚሳሳቱና በምን ዐይነት ሥርዓት ቢመልሱ እንደሚሻል ማስረዳት ነው። መሠረቴም ሁለት ነው፤ አንደኛው እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ የደረሰብኝ፣ ሁለተኛው ደግሞ በክረምት ዕረፍት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሳስጠና የተመለከትሁት ነው።

የምደርስበትን አስቀድሜ ልናገር። ብዙ ሰው ተማሪው ምንባብ የሚሳሳተው ቃላት ስለማያውቅ ነው ይላል። ይህ በከፊል እውነት ነው፤ ነገር ግን ቃላቱን የሚያውቀውም ተማሪ ይሳሳታል። ትልቁ ምክንያት ጥያቄው ለማን እንደ ቀረበ አለማወቅ ይመስለኛል። የምንባብ ጥያቄ የሚመረምረው ተማሪው ስለ ነገሩ ምን እንደሚያውቅ ሳይሆን፣ ጽሑፉ ምን እንዳለ ማግኘት መቻሉን ነው።

1. ከጓሮ የመጣ ስሕተት

የተወለድሁት በከምባታ ገጠር ነው። እናቴ እንሰት ስትፍቅ፣ የተፋቀውን በጉድጓድ ስትቀብር፣ ከተብላላም በኋላ አውጥታ ቆጮ ስትጋግር እያየሁ አደግሁ። በአንድ የሚስዮን ትምህርት ቤት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ለልምምድ በሰጡን ፈተና ውስጥ ስለ እንሰት የሚናገር ምንባብ አገኘሁ። እጅግ ደስ አለኝ። ጓደኞቼ ገና ምንባቡን ሲያነቡ እኔ ጥያቄዎቹን ጨርሼ ወረቀቴን አስረከብሁ። ከአምስቱ ጥያቄዎች ያገኘሁት አንዱን ብቻ ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ሄጄ ተከራከርሁ። «የመለስሁት እውነት ነው፤ እናቴን መጠየቅ ይችላሉ» አልኋቸው። አስተማሪዬም፣ «እናትህ የሚያውቁትን አልጠየቅሁህም፤ ይህ ወረቀት የሚለውን ነው የጠየቅሁህ» አሉኝ። በዚያን ጊዜ እንደ በደል ቈጠርሁት። አገሬንና ቤቴን ከማያውቅ ሰው የተጻፈ ወረቀት ከእናቴ ይበልጣል የተባልሁ መሰለኝ። ነገሩ የገባኝ ቈይቶ ነው። እናቴ አልተሳሳተችም፤ ወረቀቱም ከእሷ አልበለጠም። የተሳሳትሁት እኔ ነበርሁ፤ የሰውን ንግግር ሳልጨርስ እንደሚመልስ ሰው ምንባቡን ሳላዳምጥ መልሻለሁና።

2. የንባብ ልማዳችን

ይህ ስሕተት የእኔ ብቻ አለመሆኑን ያስተዋልሁት ሌሎችን ማስጠናት ስጀምር ነው። አንድን ተማሪ ምንባብ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ ባዘዝሁት ጊዜ ሳይደናቀፍ ያነብባል። «ምን አለ?» ብዬ ስጠይቀው ግን ዝም ይላል፤ ወይም እንደ ገና ያነብልኛል።

ለዚህ አንዱ ምክንያት «ንባብ» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ያለው ትርጉም ይመስለኛል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ልጁ ፊደል ቈጥሮ፣ አቡጊዳ ብሎ፣ ከግዕዝ ንባብ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከዚያም ወደ ቁም ንባብ ያልፋል፤ ዳዊትም ይደግማል። የሚነበበው ቋንቋ ግዕዝ ስለ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የሚያነበውን አይረዳም። የሚፈለግበትም የሚጠብቀውን ከሚላላው፣ ተነሹን ከወዳቂው ለይቶ ማንበብ ነው። ፍችው በትርጓሜ ቤት ከብዙ ዓመት በኋላ ይመጣል። በቁርኣን ትምህርት ቤትም ልጁ በመጀመሪያ የሚማረው ዐረብኛውን አጥርቶ ማንበብ ነው። እነዚህ ሥርዓቶች ለራሳቸው ዓላማ የተሟሉ ናቸው። ማንም ንባብን በቻለ ጊዜ መረዳትንም ቻለ አይሉምና፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ቤትና የራሱ መምህር አለው።

ችግሩ ዘመናዊው ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ክፍል ወርሶ ሁለተኛውን መዘንጋቱ ነው። ተማሪው እንግሊዝኛውን ድምፅ አውጥቶ ካነበበ አነበበ ይባላል። በትርጓሜ ቤት ግን መምህሩ አንድ ቃል አንሥተው «አንድም» እያሉ አያሌ ፍች ያቀርባሉ፤ ተማሪውም ይህ ፍች ከምን እንደ ተገኘ ይከታተላል። አራት ምርጫ ያለው ጥያቄ አራት «አንድም» እንዳለው ጽሑፍ ያህል ነው፤ ልዩነቱ በፈተናው ከአራቱ ከምንባቡ ጋር የሚስማማው አንዱ ብቻ መሆኑ ነው። ከምን ተገኘ ብሎ መጠየቅ ግን ለሁለቱም ያስፈልጋል።

3. የጥያቄዎቹ ዐይነት

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ ያን የፈተና ምንባብ የሚመስል አንድ አጭር ምንባብ አዘጋጅቼ ለማስጠናቸው ተማሪዎች ሰጥቻለሁ። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ሲሆን በአማርኛ እንደሚከተለው ነው።

«እንሰት ሙዝን ቢመስልም ሰዎች የሚመገቡት ፍሬውን ሳይሆን ግንዱንና ሥሩን ነው። ተክሉ ለመድረስ በርካታ ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ገበሬዎች ልዩ ልዩ ዕድሜ ያላቸውን ተክሎች ጎን ለጎን ያሳድጋሉ፤ በዚህም ዘዴ በየዓመቱ የሚቈረጥ አያጡም። ዝናብ በሚያጥርበት ዓመት እህሉ ሲደርቅ እንሰቱ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ይህም ለቤተሰቡ ዋስትና ነው። ይሁን እንጂ እንሰትን ለምግብ ማዘጋጀት አድካሚ ነው፤ ሥራውም በአብዛኛው በሴቶች ላይ ይወድቃል።»

በምንባብ ላይ የሚቀርቡት ጥያቄዎች በአምስት ሊመደቡ ይችላሉ።

ሀ. በግልጥ የተነገረውን የሚጠይቅ። «በአንድ ማሳ ላይ ወጣትና ያረጁ ተክሎች አብረው የሚገኙት ለምንድን ነው?» መልሱ በየዓመቱ የሚቈረጥ እንዳይታጣ ነው። ጥያቄው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ምንባቡ «ልዩ ልዩ ዕድሜ» ያለውን ጥያቄው «ወጣትና ያረጁ» ብሎታል። ጠያቂው ቃሉን ሆነ ብሎ ይለውጣል። ያንኑ ቃል በምንባቡ ውስጥ በዐይኑ ብቻ የሚፈልግ ተማሪ መልሱ የለም ብሎ ያልፋል።

ለ. ተውላጠ ስም ማንን እንደሚያመለክት የሚጠይቅ። «ይህም ለቤተሰቡ ዋስትና ነው» ሲል «ይህ» የተባለው ምንድን ነው? ብዙዎቹ «የእህሉ መድረቅ» ወይም «የዝናብ ማጠር» ብለው መልሰውልኛል። እነዚህ ከእርሱ በፊት ባለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ስላሉ ነው። ተውላጠ ስሙን አውጥቶ የመረጡትን በቦታው ማስገባት ስሕተቱን ወዲያው ይገልጠዋል፤ «የእህሉ መድረቅ ለቤተሰቡ ዋስትና ነው» የሚል ሰው የለምና። ዋስትና የሆነው የእንሰቱ መትረፍ ነው።

ሐ. የቃልን ፍች ከአገባቡ የሚጠይቅ። በእንግሊዝኛው ምንባብ «ዋስትና» ያልሁት ቃል «ሴኩሪቲ» የሚለው ነው። ይህን ቃል በአገራችን የማያውቀው ተማሪ የለም፤ የሚያውቀው ግን ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚፈትሸውን ጥበቃ ነው። ስለዚህ ከምርጫዎቹ መካከል «ዘበኛ» የሚል ሲያገኝ ሳይጠራጠር ያጠቁረዋል። ፈተናው የሚጠይቀው ቃሉ በሌላ ቦታ ምን ማለት እንደ ሆነ ሳይሆን በዚህ መስመር ላይ ምን ማለት እንደ ሆነ ነው። የሚታወቅ ቃል ከማይታወቅ ቃል ይልቅ የሚያስትበት ጊዜ አለ።

መ. ከተነገረው ተነሥቶ ያልተነገረውን ማውጣት የሚጠይቅ። «ገና እንሰት መትከል ስለ ጀመረ ቤተሰብ ከምንባቡ ምን መረዳት ይቻላል?» መልሱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሌላ ምግብ ያስፈልገዋል የሚለው ነው። ምንባቡ ይህን በቃል አላለም፤ ነገር ግን ተክሉ ለመድረስ በርካታ ዓመታት ይፈጅበታል ብሏልና የግድ ይከተላል። እዚህ ላይ ተማሪው ሁለት ጊዜ ይሰናከላል። አንዱ ተማሪ ቃል በቃል ያልተጻፈ መልስ አይሆንም ይላል። ሌላው ደግሞ አስብ ከተባልሁ የፈለግሁትን ላስብ ብሎ ከምንባቡ ይወጣል። ትክክለኛው መልስ ግን ከአንድ ከተጻፈ መስመር ተነሥቶ አንድ እርምጃ ብቻ የሚሄድ ነው።

ሠ. ዋናውን ሐሳብ ወይም ተስማሚውን ርእስ የሚጠይቅ። «የገጠር ሴቶች ሥራ» የሚለው ርእስ አንዱን ዐረፍተ ነገር ብቻ ይይዛል። «ድርቅ በኢትዮጵያ» የሚለው ደግሞ ከምንባቡ እጅግ ይሰፋል። «አድካሚ ነገር ግን አስተማማኝ ምግብ» የሚለው መላውን ይይዛል። ርእስ እንደ ልብስ ነው፤ መጥበብም መስፋትም የለበትም።

4. የተሳሳቱት ምርጫዎች እንዴት እንደሚዘጋጁ

ጠያቂው ትክክለኛውን መልስ ለማዘጋጀት ከሚደክመው ይልቅ የተሳሳቱትን ሦስቱን ለማዘጋጀት የሚደክመው ይበልጣል። ማንም የማይመርጠው ምርጫ ጥቅም የለውምና። የእነዚህን አሠራር ያወቀ ተማሪ በቀላሉ አይታለልም። ብዙ ጊዜ የሚገኙት አራት ዐይነት ናቸው።

የመጀመሪያው በዓለም ላይ እውነት የሆነ፣ በምንባቡ ግን የሌለ ነው። «ከሚከተሉት መካከል በምንባቡ ያልተጠቀሰው የትኛው ነው?» ብዬ እንሰት ሙዝን እንደሚመስል፣ በጉድጓድ ተቀብሮ እንደሚብላላ፣ በድርቅ ጊዜ እንደሚተርፍና ሥራው በሴቶች ላይ እንደሚወድቅ በምርጫ አቀረብሁ። ያልተጠቀሰው የጉድጓዱ ነገር ነው። እንሰት ከሚበላበት ቤት የመጡት ልጆች ግን በዚህ ጥያቄ ላይ ተቸገሩ፤ የጉድጓዱን ነገር ያነበቡት እስኪመስላቸው ድረስ ያውቁታልና። እኔም በ11ኛ ክፍል የወደቅሁት በዚሁ ነው።

ሁለተኛው የምንባቡን ቃላት ወስዶ ዝምድናቸውን የሚያፋልስ ነው። «እንሰት ስለሚተርፍ እህሉ ይደርቃል» የሚለው ምርጫ ቃላቱ ሁሉ ከምንባቡ የተወሰዱ ናቸው፤ ነገሩ ግን ሐሰት ነው።

ሦስተኛው የምንባቡን አነጋገር አክርሮ የሚያቀርብ ነው። ምንባቡ «ብዙ ጊዜ» ያለውን «ሁልጊዜ»፣ «በአብዛኛው በሴቶች» ያለውን «በሴቶች ብቻ» ይለዋል።

አራተኛው ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ሐሰት የሆነ ነው። ቸኩሎ የሚያነብ ተማሪ የፊተኛውን ግማሽ አንብቦ ያጠቁራል።

5. የእንግሊዝኛ የቃላት ተራ የሚያመጣው ችግር

ከላይ የተባለው ሁሉ የአእምሮ ልማድን የሚመለከት ነው። ከቋንቋው ጠባይ የሚመጣ ችግርም አለ። በአማርኛ «ከነጋዴው በሬ የገዛው ገበሬ ታመመ» ብንል የታመመው ገበሬው ለመሆኑ የሚጠራጠር የለም፤ «ገበሬ» እና «ታመመ» ጎን ለጎን ናቸውና። እንግሊዝኛው ግን ያንኑ ነገር በዚህ ተራ ያቀርበዋል፦ ገበሬው፣ የገዛው፣ በሬ፣ ከነጋዴው፣ ታመመ። ከ«ታመመ» አጠገብ የሚገኘው ነጋዴው ነው። ስለዚህ ቃል በቃል እየተረጐመ የሚሄደው ተማሪ ነጋዴው ታመመ ይላል። ቃላቱን ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ዐረፍተ ነገሩን ግን አላወቀውም። በከምባትኛም እንደ አማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣና ገላጩ ከስሙ ስለሚቀድም፣ ችግሩ ለእኔና ለአማርኛ ተናጋሪው ጓደኛዬ አንድ ነበር። መድኃኒቱም አጭር ነው፤ ዋናውን ግሥ ፈልጎ «ማን?» ብሎ መጠየቅ ነው።

አፍራሽነታቸው የተሸሸገ ትንንሽ ቃላትም አሉ። «ሃርድ» ብርቱ ማለት መሆኑን የተማረ ልጅ «ሃርድሊ» የሚለውን ሲያይ በብርቱ ማለት ይመስለዋል፤ ፍችው ግን ከቶ አልሠራም ለማለት የቀረበ ነው። «ኤ ፊው» ጥቂት አሉ ሲል፣ «ፊው» ብቻውን ሲሆን የሉም ለማለት ይቃረባል። «አንለስ» የሚለውም አማርኛው «ካል» ብሎ በግልጥ የሚያፈርሰውን በአንድ ቃል ውስጥ ይዞታል።

ይህ ጕዳይ በእንግሊዝኛ ፈተና ብቻ አይቀርም። በሒሳብ ከ20 ላይ 8 ቀንስ ለማለት እንግሊዝኛው «ቀንስ 8 ከ20» በሚል ተራ ይናገራል። ቁጥሮቹን በተጻፉበት ተራ የሚወስደው ተማሪ ከ8 ላይ 20 ይቀንሳል። መቀነስ አቅቶት ሳይሆን ማንበብ አቅቶት ነጥቡን ያጣል።

6. የአመላለስ ሥርዓት

ለማስጠናቸው ተማሪዎች የምመክረው ሥርዓት የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ምንባቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ አንድ ጊዜ ማንበብ ነው። የማይታወቅ ቃል ሲመጣ ማለፍ ይገባል፤ ጥያቄ የማይነሣበት ሊሆን ይችላልና። አንዳንዶች ጥያቄዎቹን አስቀድሞ ማንበብ ይሻላል ይላሉ። ረዥም ምንባብ ሲሆን ይህ ጊዜ ሊያተርፍ ይችላል፤ ነገር ግን የዋናውን ሐሳብና የመ ዐይነቱን ጥያቄ ምንባቡን በሙሉ ያላነበበ ሰው አይመልሰውም።

ሁለተኛ ጥያቄውን ቀስ ብሎ ማንበብና «ያልሆነው»፣ «በቀር» የሚሉትን ቃላት በእርሳስ ማስመር ነው።

ሦስተኛ ምርጫዎቹን በእጅ ሸፍኖ ወደ ምንባቡ መመለስና መልሱን በራስ ቃል በልብ መናገር ነው። ይህን ሳያደርግ ወደ ምርጫዎቹ የሚሄድ ተማሪ አራት ሰዎች በአንድ ጊዜ እንደሚያነጋግሩት ሰው ግራ ይጋባል።

አራተኛ ምርጫዎቹን ገልጦ በልብ ከተናገሩት ጋር የሚስማማውን መፈለግ፣ ለሚጥሉትም ምርጫ ከአራቱ ዐይነት በየትኛው እንደ ወደቀ ማወቅ ነው።

አምስተኛ ከማጥቆር በፊት ጣትን መልሱ ባለበት መስመር ላይ ማድረግ ነው። ጣት የሚያርፍበት መስመር ከታጣ መልሱ የመጣው ከምንባቡ ሳይሆን ከጓሮ ነው። አንድ ጥያቄ እጅግ ካስቸገረ ምልክት አድርጎ ማለፍና በመጨረሻ መመለስ ይገባል፤ ለአንዱ ሲባል ሌሎቹን ማጣት አይገባምና።

ማጠቃለያ

ይህ ሥርዓት በፈተና ዋዜማ የሚሰጥ ዘዴ ብቻ ሆኖ ከቀረ ጥቅሙ ትንሽ ነው። «ጽሑፉ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ በዝቅተኛዎቹ ክፍሎች፣ ልጁ በሚያውቀው በአፍ መፍቻ ቋንቋው መጀመር ያለበት ይመስለኛል። በራሱ ቋንቋ ያልለመደውን በባዕድ ቋንቋ ሊያደርገው አይችልም። የሒሳብና የሳይንስ አስተማሪዎችም ጥያቄውን ከመሥራታቸው በፊት ከተማሪዎቹ ጋር ቢያነቡት ለእንግሊዝኛው አስተማሪ ትልቅ እገዛ ይሆናል። አስተማሪም የምንባብ ፈተና ሲያርም «መልሱ ሐ ነው» ብሎ ከማለፍ ይልቅ «የትኛው መስመር?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በአንድ ጥያቄ ብዙ ጥያቄ ያስተምራል።

በትምህርት ቤት ሳለን ሒሳብ ያስጠናኝ የነበረ ጓደኛ ነበረኝ። በአማርኛ ያስረዳኝ የነበረውን ሒሳብ በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ሲያገኘው ይጠፋበት ነበር፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን ነጥብም አላገኘም። ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ሥራው የተከበረ ነው፤ ነገር ግን ፈተናው የመዘነው የሒሳብ ዕውቀቱን ነው ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ካነሣሡኝ ምክንያቶች አንዱ እርሱ ነው።

ያየሁት ጥቂት ተማሪዎችን፣ ያውም በአንድ አካባቢ ያሉትን ብቻ ስለ ሆነ ጽሑፌ ጉድለት እንደሚኖረው አውቃለሁ። በሌላ አካባቢ ያስተማሩ ወይም ያስጠኑ ጓደኞቼና መምህሮቼ የተመለከቱትን ቢጨምሩበት፣ የተሳሳትሁትንም ቢያርሙኝ በደስታ እቀበላለሁ።